ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር ሐሳብ፦ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንዴት እንናገር?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሶት የገባ ሰው፣ ከቁልፉ ጋር አብሮ የተረከበው ሌላ ነገር እንዳለ የሚገነዘበው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ስብሰባ ነው። የውሃ ፓምፕ ሲቃጠል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቶ መንገድ ላይ ሲወጣ፣ በበዓል ዋዜማ ኮሚናሉን (የጋራ መገልገያ ቤቱን) ማን ቀድሞ ይጠቀም የሚለው ሲያጨቃጭቅ፣ እሑድ ጠዋት የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ወደ ግቢ መውረድ ግድ ይሆናል። ይህም ጊዜ ያለው ብቻ የሚሳተፍበት የበጎ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከእያንዳንዱ ቤት ውጭ ያለውን የሕንፃውን ክፍል የባለቤቶቹ የጋራ ሀብት አድርጎ አስተዳደሩን ለማኅበራቸው የሰጠ በመሆኑ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ የሚናገርም ሆነ ዝም የሚል ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ እየወሰነ ነው።

እኔ በአንድ ብሎክ ኮሚቴ ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። ጸሐፊ ስብሰባን የሚያዳምጠው ከሌላው ሰው በተለየ ጆሮ ነው፤ ሌላው ተሰብሳቢ በንግግሩ ለዛ ሲደሰት ወይም በርዝመቱ ሲሰለች፣ ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ «ከዚህ ውስጥ ምኑን ልጻፈው?» እያለ ይጨነቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀና ብዙ ሰው ከተናገረበት ስብሰባ የሚተርፈው አንድ ገጽ ተኩል ቃለ ጉባኤ ነው። አንደበተ ርቱዕ የሚባለው ጎረቤታችን ለሩብ ሰዓት የተናገረው ግማሽ መስመር ሳይሞላ ሲቀር፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት በሁለት ዐረፍተ ነገር ያሉት ነገር ውሳኔ ሆኖ ሲሰፍር ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚህ ያገኘሁት መለኪያ አንድ ነው፦ እጅ ከማውጣትዎ በፊት፣ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍርልዎ የሚፈልጉትን ዐረፍተ ነገር ለይተው ይወቁት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን ዐረፍተ ነገር ስለ ማዘጋጀት፣ ስለ መናገርና እስከ ፊርማው ድረስ ስለ መጠበቅ ነው።

ከስብሰባው በፊት

አጀንዳው በበሩ ላይ ሲለጠፍ ወይም በቴሌግራም ሲላክ፣ ርእሶቹን ከማንበብ አልፈው እያንዳንዱ ርእስ ለምን እንደ ቀረበ ይጠይቁ። አንዳንዱ ለማሳወቅ ብቻ የቀረበ ነው፤ አንዳንዱ ለምክክር፣ አንዳንዱ ደግሞ ለውሳኔ ነው። ለማሳወቅ በቀረበ ጉዳይ ላይ ረጅም ተቃውሞ ማሰማት ጉልበትን በከንቱ መጨረስ ሲሆን፣ ለውሳኔ በቀረበ ጉዳይ ላይ ዝም ማለት ግን እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ርእሱ የትኛው እንደ ሆነ ግልጽ ካልሆነ ሰብሳቢውን በውይይቱ መክፈቻ ላይ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ንግግር ያድናል። በተረፈ የመተዳደሪያ ደንቡን አንዴ፣ ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሁልጊዜ ማንበብ ይገባል። ባለፈው ወር የተወሰነን ነገር እንደ አዲስ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ከሰብሳቢው ፈገግታ በቀር የሚያገኘው የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ግን ሌላው ሰው የማያውቀውን፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ይዞ መምጣት ነው። ጋሮልድ ስታሰርና ዊልያም ታይተስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ በቡድን ተወያይተው ከዕጩዎች መካከል አንዱን እንዲመርጡ ለተደረጉ ሰዎች መረጃውን ከፋፍለው ሰጧቸው፤ ከፊሉን መረጃ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከፊሉን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የያዘው። ውይይቱ ሁሉም አስቀድሞ ወደሚያውቀው ነገር አዘነበለ፤ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የነበረው ሳይነሣ ስለሚቀርም፣ መረጃው ሁሉ ቢሰበሰብ የሚሻለው ዕጩ ብዙ ጊዜ ሳይመረጥ ቀረ። ይህን ጥናት ያነበብኩት ከጊዜ በኋላ ነው እንጂ፣ ነገሩን በግቢያችን አስቀድሜ አይቼዋለሁ።

የብሎካችን የውሃ ፓምፕ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ ሞተሩን ሦስት ጊዜ አስጠቅልለናል። በሦስቱም ስብሰባ ላይ ሁሉም ሰው ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ፦ ፓምፑ ይበላሻል፣ ጥገናው ውድ ነው፣ ኮሚቴው ትኩረት አልሰጠም፣ አራተኛ ፎቅ ውሃ አይደርስም። በአራተኛው ስብሰባ ላይ ምድር ቤት ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ወጣት፣ ተከራይ ስለሆነ ድምፅ እንደማይሰጥ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ የዱቤ መዝገቡን ገልጦ ፓምፑ የተቃጠለባቸውን ቀኖች አነበበ። ሦስቱም ቀኖች የፈረቃው ውሃ ለብዙ ቀን ጠፍቶ ሮቶው ከደረቀ በኋላ ነበሩ። የፓምፑ ክፍል ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ ሞተሩ ያለ ውሃ ሲጮኽ ይሰማ እንደ ነበርም ነገረን። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ስለሚቀዘቅዝ፣ ደርቆ ሲሠራ መጋሉና መቃጠሉ አይቀርም። በዚያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው «ሮቶው ሲደርቅ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ይገዛ» የሚል ነበር። ወጣቱ ከዚያ በፊት ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው «ሁላችሁም የምታውቁት መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ወደ ስብሰባ ሲወርዱ «ሁሉም ያውቀዋል» ብለው የናቁትን ነገር መልሰው ይዩት። የጋራ ቆጣሪውን ያለፉት ወራት ንባብ፣ የጥገና ደረሰኝ፣ ከሁለትና ከሦስት ሱቅ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ፣ ሌሊት በር የሚንኳኳበት ሰዓት፣ ከሌላ ብሎክ ጎረቤት የሰሙት የጥበቃ ክፍያ፣ እነዚህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት ንግግር ይበልጣሉ።

እጅ ካወጡ በኋላ

የአገራችን ተሰብሳቢ ንግግሩን የሚጀምርበት መንገድ የታወቀ ነው። «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የተነሡት ሐሳቦች ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ብዙው ነገር ከእኔ በፊት በተናገሩት ተብሏል፤ እኔ ማለት የፈለግሁት…» እየተባለ አንድ ደቂቃ ያልፋል። ጨዋነቱን አልነቅፍም፤ ያለ ሰላምታ ወደ ነገር የሚገባ ሰው በእኛ ዘንድ የተቆጣ ይመስላል። ነገር ግን 30 ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ሲያመሰግን ግማሽ ሰዓት እንደሚሄድ ማስላት ቀላል ነው፤ «አመሰግናለሁ» የሚለው አንድ ቃል ጨዋነቱን ሳያጎድል ጊዜውን ያድናል።

ከዚያ በኋላ አቋምዎን መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡ። እኛ ግን ከታሪኩ ተነሥተን፣ ምክንያቱን ደርድረን፣ አቋማችንን ለመጨረሻ ማቆየት እንወዳለን፤ አማርኛ ራሱ ማሰሪያውን ግሥ በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ይሆን ብዬ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ችግሩ ሰብሳቢው «ያጠቃልሉ» የሚለው ብዙ ጊዜ ማሰሪያው ሳይደርስ በመሆኑ ነው፤ ያኔ ጸሐፊው ታሪክ ጽፎ ሐሳብ ሳይጽፍ ይቀራል። «የጥበቃው ደመወዝ እንዲጨመር እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ግን በየትኛውም ቦታ ላይ ቢቋረጥ ዋናው ነገሩ ተመዝግቧል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ከቤቶቹ ዕጣ ማውጫ ቀን የሚጀምሩ ጎረቤቶች አሉን፤ የነገር ሥር ግን መንሥኤው እንጂ ጥንቱ አይደለም። ከላይ በጠቀስኩት ምሳሌ የነገሩ ሥር የደረቀው ሮቶ ነበር፤ የሥራ ተቋራጩ ታሪክ አልነበረም።

በጸሐፊነቴ ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የንግግር ርዝመት ሳይሆን «ይታሰብበት» የሚለው ቃል ነው። «ትኩረት ይሰጠው»፣ «አንድ ነገር ቢደረግ ጥሩ ነው»፣ «የሚመለከተው አካል ያስብበት»፣ «መፍትሔ ይፈለግለት» የሚሉት ሐረጎች ሁሉ በሰዋስዋቸው ውስጥ አድራጊውን ይሰውራሉ፤ ማን እንደሚያስብ፣ ማን እንደሚፈልግ፣ መቼና በስንት ብር እንደሆነ አይነግሩም። ተናጋሪው ግን ሐሳብ እንደ ሰጠ ሰው ተደስቶ ይቀመጣል፤ ጭብጨባም ያገኛል። እኔ መጀመሪያ ላይ እነዚህን እንዳሉ እጽፋቸው ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መዝገቡን ስገልጥ፣ ስለ ደረጃው መብራት በአራት ስብሰባ «ትኩረት እንዲሰጠው» ተወስኖ አምፖሉ እንዳለ ጨለማ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ይታሰብበት» ያለኝን ሰው ሁሉ «ማን ያስብበት? እስከ መቼ?» ብዬ መልሼ መጠየቅ ጀመርኩ፤ በዚህም ጥቂት ሰዎችን ሳላስቀይም አልቀረሁም።

እርስዎ ጸሐፊው እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ። ሐሳብዎ ማን፣ ምን፣ በስንት፣ እስከ መቼ የሚሉትን ቢይዝ ለመጻፍም ለድምፅ ለማቅረብም ይመቻል። «የደረጃው መብራት ይታሰብበት» ከማለት ይልቅ «ከእያንዳንዱ ቤት 100 ብር ተዋጥቶ ገንዘብ ያዥዋ እስከ መጪው ቅዳሜ ለአምስቱ ፎቅ አምፖል ይግዙ፤ መግጠሙን እኔ እሠራለሁ» ማለት ሙሉ ሐሳብ ነው። በተለይ የመጨረሻዋ ሐረግ፣ ከሥራው አንዱን ክፍል ለራስ መውሰድ፣ ቤቱን ለማሳመን ያላት ኃይል በምንም ዓይነት አንደበት አይተካም። በገንዘቡ ልክ ላይ የማይስማማ ሰው ካለም «100 ይበዛል፣ 60 ይሁን» ብሎ ይከራከራል፤ «ይታሰብበት» ከሚለው ጋር ግን መከራከርም ሆነ መስማማት አይቻልም።

ከ«ይታሰብበት» ቀጥሎ የሚጎዳን «አንዳንድ ግለሰቦች» የሚለው ነው። «በግቢያችን ውስጥ አንዳንድ ግለሰቦች አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ» ሲባል ሁሉም ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፤ ያልተነካው ይነካል፣ የተነካው ደግሞ ስሙ አልተጠራምና መልስ አይሰጥም። በቅኔ የሠለጠነ ሕዝብ ነንና ሰምና ወርቅ አጣምሮ፣ አሽሙር ጣል አድርጎ መናገር ያስደስተናል፤ በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት ያምራልም። ቃለ ጉባኤ ግን ሰሙን ብቻ ነው የሚመዘግበው። ቆሻሻ ከፎቅ እየተጣለ ከሆነ ያዩትን፣ ያዩበትን ቀንና ቦታ ይናገሩ፤ ሰውየውን ለይተው የሚያውቁት ከሆነ ደግሞ ከስብሰባው በፊት በሩን አንኳኩተው ይንገሩት፤ ካልሰማ ያን ጊዜ ጉዳዩን በስሙ ለኮሚቴው ማቅረብ ይችላሉ።

መደገፍና መቃወም

የሌላውን ሐሳብ መደገፍ በቂ አስተዋጽኦ ነው፤ የሚያደክመው ደግፎ መድገሙ ነው። «የእትዬን ሐሳብ እደግፋለሁ» ብሎ መቀመጥ ለጸሐፊው አንድ መስመር፣ ለሰብሳቢውም የቤቱ አዝማሚያ ወዴት እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት ነው። የሚጨምሩት ካለ ምክንያት ወይም ማሻሻያ ይጨምሩ፤ «እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ጡረተኞች በሁለት ጊዜ ይክፈሉ» ያለ ሰው ሐሳቡን ከፍ አድርጎታል።

መቃወም ከባድ ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። የሚቃወሙት ሰው በዕድሜ አባትዎ የሚሆኑ፣ በእድር ዳኛነታቸው ለእናትዎ ቀብር ድንኳን ያስተከሉ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ እኔ ሲሠራ ያየሁት መንገድ ሐሳባቸውን በራስዎ ቃል መልሶ በማቅረብ መጀመር ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋ ነው፤ ያሉበት ምክንያት ደግሞ ስርቆቱ ነው፤ በትክክል ተረድቻለሁ?» እሳቸው «አዎ» ካሉ በኋላ «በስርቆቱ አብሬዎት ነኝ፤ በሰዓቱ ግን እለያለሁ፤ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፈው የሚመጡ ልጆቻችን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚደርሱት» ማለት ይቻላል። ክብራቸው ሳይነካ ሰዓቱ ይቀየራል። በግቢያችን የበሩ ሰዓት ወደ አራት የተዛወረው በዚህ መንገድ ነው፤ ያሻሻሉትም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ብቻዎን ተቃዋሚ እንደሆኑ ሲሰማዎ፣ ዝም ካሉት መካከል ስንቱ እንደ እርስዎ እንደሚያስብ አያውቁምና አይቸኩሉ። ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው የታወቀ ሙከራ፣ ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት በዓይናቸው እያዩ እንዲያመሳስሉ ሲጠየቁ፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ሌሎች ሰዎች ግን ሆን ብለው በአንድነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ከተጠያቂዎቹ መልስ ሲሦ ያህሉ ከተሳሳተው ብዙኃን ጋር ሄደ። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲደረግ ግን፣ ብዙኃኑን መከተል በእጅጉ ቀነሰ። በስብሰባ ላይ መጀመሪያ «እኔ በዚህ አልስማማም» የሚል ሰው የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት ይኸው ነው፤ ሐሳቡ ባያሸንፍም እንኳ ከጎኑ ያለውን ሰው ምላስ ይፈታል።

ይህ ከባድ የሚሆነው በተለይ በስብሰባ መናገር ላልለመዱት ነው። በብሎካችን ውሃውን የሚቀዱት፣ የጥበቃውን ጠባይ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ጉድጓድ የሚያውቁት በአብዛኛው ሴቶች ሆነው ሳለ፣ በስብሰባው ላይ የሚናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ትክክለኛውን ነገር የሚናገሩት ስብሰባው ተበትኖ ደረጃ ሲወጡ ነው። በደረጃ ላይ የተነገረ ነገር ደግሞ አይመዘገብም። መናገር ለሚፈራ ሰው የምመክረው በጥያቄ እንዲጀምር ነው፤ «ይህ ገንዘብ ባለፈው ከተዋጣው ጋር ተደምሮ ስንት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ንግግር አያሰኝም፣ ክርክሩን ግን ወደ ቁም ነገር ይመልሳል። ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ማንበብም ያው ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ፣ በዳርቻው ሰፈር አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ብዙ ጎረቤቶች ስላሉን፣ ሐሳባቸውን በሚቀናቸው ቋንቋ ተናግረው አንድ ሰው እንዲተረጉም ዕድል መስጠት ይገባል፤ እርስዎ ሁለቱን ቋንቋ የሚችሉ ከሆነም «ልተርጉም» ማለት ራሱ አስተዋጽኦ ነው። በኦዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ በጉባኤ መምከርን ያጎለበተው የገዳ ሥርዓት በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ በተቀመጠ ጉባኤ ነው፤ ከዚህ ባህል የመጣን ሰው በአማርኛው ጉድለት ዝም ማሰኘት የሚጎዳው ስብሰባውን ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

ሰዉ ሲደክመው ወንበሩን እያነሣ መበተን ይጀምራል፤ ውሳኔ የሚጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው «እንግዲህ ተግባብተናል» ሲል እጅዎን አውጥተው «ጸሐፊው ውሳኔውን ያንብብልን» ይበሉ። ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች «እኔ እንደዚህ አልተረዳሁትም» ይላሉ፤ ይህን ዛሬ መስማት ከወር በኋላ ከመጣላት ይሻላል። «ልዩ ልዩ» በሚለው የመጨረሻ አጀንዳ ሥር የገንዘብ መዋጮ የሚያነሣ ካለ ደግሞ፣ ግማሹ ሰው ሄዷልና ለሚቀጥለው ስብሰባ በራሱ አጀንዳ እንዲያዝ ይጠይቁ።

ድምፅ ተሰጥቶ ከተሸነፉ «የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መዋጮውን ከሌላው እኩል በጊዜው ይክፈሉ። ተሸንፎ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲቃወም ይደመጣል፤ ተሸንፎ ያልከፈለ ሰው ግን ልክ ቢሆን እንኳ የሚሰማው የለም።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲዞር ስምዎን ብቻ ፈልገው አይፈርሙ፤ ያቀረቡት ሐሳብ ከነብሩና ከነቀኑ መስፈሩን፣ የወሰዱትም ሥራ በስምዎ መያዙን ያንብቡ፤ ስሕተት ካለ ከመፈረምዎ በፊት እንዲታረም ያድርጉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ የሚነበበውና የተሠራውና ያልተሠራው የሚጠየቀው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ ያው እንደ ልማዳችን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል ብለው ተማምነው ከቤት አይዘግዩ፤ አንዳንድ ጊዜ በሰዓቱ ይጀመራል።